ደጋግመው አልጋ የሚይዙ ልጆች፦ ሐዋሳ ላይ ወጪው የት ይበዛል፣ መመለሱንስ ምን ይቀንሰዋል?

#1 | ታቦር_ሥር

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን ክር የከፈትኩት በሕፃናት ክፍል ደጋግመው አልጋ ስለሚይዙ ልጆች እንድንመካከር ነው። ሻንት (ከጭንቅላት ፈሳሽ የሚያወርድ ቱቦ) የገባላቸው፣ አከርካሪያቸው ክፍት ሆኖ የተወለዱ፣ ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) እና የሚጥል ሕመም አንድ ላይ ያለባቸው፣ በአፍንጫ ቱቦ የሚመገቡ፣ ከልብ ችግር ጋር የተወለዱ ልጆች ማለቴ ነው። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ የሚይዙት የአልጋ ቀን ግን ከቁጥራቸው ጋር አይመጣጠንም። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንዲህ ያሉት ልጆች ከሕፃናቱ 0.67% ብቻ ሆነው ከሕፃናት የጤና ወጪ ሲሶ ያህሉን እንደሚወስዱ አሳይቷል። የእኛ ሥርዓት ከዚያ ቢለይም፣ ጥቂት ልጆች ደጋግመው ሲመለሱ አልጋ እንደሚጣበብ ዋርድ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

መጀመሪያ ስለ ቆጠራው። ሪፖርቱ የሚይዘው ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ሞተ፣ በአማካይ ስንት ቀን ተኛ የሚለውን ነው። ለእነዚህ ልጆች አማካዩ ያታልላል። አንድ ልጅ በዓመት አራት ጊዜ ገብቶ በየጊዜው 5 ቀን ቢተኛ «አማካይ ቆይታ 5 ቀን» ተብሎ ጥሩ ውጤት ይመስላል። ልጁ ግን 20 ቀን ተኝቷል፤ እናቱም 20 ቀን ከሥራ ቀርታለች። ስለዚህ ቆጠራው በመግቢያ ሳይሆን በልጅ ይሁን ባይ ነኝ፦ በዓመት ስንት የአልጋ ቀን፣ ከወጣ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ያለ ቀጠሮ ተመልሶ ገባ ወይስ አልገባም፣ ሲወጣ ስንት ኪሎ ነበር፣ በሚቀጥለው ቀጠሮስ ስንት ሆነ። ሁሉም ከካርዱ ላይ ይገኛሉ፤ የካርድ ቁጥሩ እስካልተቀየረ ድረስ። ካርድ ጠፋ ተብሎ አዲስ በወጣ ቁጥር ልጁ በመዝገብ አዲስ ሰው ይሆናል፣ ታሪኩም እዚያው ይቆረጣል።

ወጪው የሚወጣው ከሦስት ኪስ ነው፦ ከሆስፒታሉ፣ ከጤና መድኑ፣ ከቤተሰቡ። ከአንዱ ኪስ የተቀነሰው ወደ ሌላው ከዞረ ቁጠባ አይባልም።

አሜሪካ ሂውስተን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሙከራ ደግሞ መንገድ ያሳያል። ደጋግመው ሆስፒታል የሚገቡ 201 ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ በተለመደው ክትትል ቀጠሉ። የቀሩት ልጁን በሚያውቅ አንድ የሕክምና ቡድን ሥር ሆኑ፤ ወላጅ በማንኛውም ሰዓት ደውሎ ልጁን የሚያውቅ ባለሙያ ያገኛል። ሞት፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል መግባት ወይም ከ7 ቀን በላይ መተኛት በአንድ ላይ ሲቆጠሩ፣ በ100 የልጅ ዓመት (አንድ ልጅ ለአንድ ዓመት ሲከታተል አንድ ተብሎ ይቆጠራል) ከ22 ወደ 10 ወረዱ። የክሊኒክና የሆስፒታል ወጪው ለአንድ ልጅ በዓመት ከ26,781 ዶላር ወደ 16,523 ዶላር ቀነሰ። ያንን የሠራው ውድ መሣሪያ አይደለም። ልጁን የሚያውቅ ሰው በስልክ መገኘቱ ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በየሙያችሁ ልጁን ቶሎ የሚመልሰው ምንድን ነው? እዚህ ባለን አቅምስ ምን ይከላከለዋል? በዝርዝር ጻፉልኝ።

#2 | ሲስተር_አቶቴ

ከቱቦው ልጀምር፤ በቀላሉ ልንከላከለው እየቻልን ልጅ የሚመልሰው እሱ ነውና።

በአፍንጫ የሚገባ የምግብ ቱቦ ርዝመቱ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ ሥር፣ ከዚያ እስከ ደረት አጥንቱ የታችኛው ጫፍ ተለክቶ ነው የሚገባው። ከገባ በኋላ አፍንጫው ቀዳዳ ላይ ያለው የሴንቲ ሜትር ቁጥር ይጻፍ። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ይህ ነው። ቁጥሩ ካልተጻፈ እናትየው ቤት ሆና ቱቦው ተንሸራትቶ ይውጣ አይውጣ የምታውቅበት መንገድ የላትም። ቦታውን ለማረጋገጥ በሲሪንጅ ፈሳሽ ተስቦ አሲድነት በሚለካ የፒኤች ወረቀት ይታያል፤ 5.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጨጓራ ውስጥ ነው። የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ላይ ግን ቁጥሩ ከፍ ሊል ስለሚችል ጥርጣሬ ካለ ራጅ ይነሳ። አየር እየገፉ በስቴቶስኮፕ ማዳመጥ ብቻውን አይታመንም፤ ቱቦው ሳንባ ውስጥ ሆኖም ድምፅ ይሰማል።

ሲመገብ ጭንቅላቱ ቢያንስ 30 ዲግሪ ከፍ ይበል። የሲሪንጁ መግፊያ ወጥቶ ወተቱ በራሱ ክብደት ይውረድ፤ በእጅ አይገፋ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፍጅ። ካበቃ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይተኛ ይቆይ። ልጁ ካሳለው፣ ትን ካለው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ወዲያው ይቁም።

ቱቦው የሚዘጋው በሁለት ነገር ነው። አንዱ በደንብ ያልደቀቀ ክኒን ነው። ሌላው ወፍራም አጥሚት ነው፤ ልጁ ከሳ ብለው ሲጨነቁ ያወፍሩታል። ከምግብም ከመድኃኒትም በኋላ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ ይሰደድበት። ፕላስተሩ ሐዋሳ ሙቀት ላይ በላብ ቶሎ ስለሚላቀቅ በየቀኑ ይታይ፤ እርጥብ ቆዳ ላይ አይለጠፍም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከገጠር ወረዳ የምትመጣ እናት ሲዳምኛ ብቻ ልትናገር ትችላለች። በአማርኛ ነግሯት «ገባሽ?» የሚል ሰው «አዎ» የሚል መልስ ያገኛል። በቋንቋዋ ይነገራት፤ ከዚያ በገዛ እጇ አድርጋ ታሳይ። ከመውጫው ቀን በፊት ሙሉ አንድ ቀን ሁሉንም ምግብ ራሷ ትስጥ፣ ነርሷ ቆማ ትይ። በመውጫው ጠዋት አሥር ደቂቃ ማስተማር አይበቃም።

#3 | ሐይቅ_ማዶ

ሲስተር፣ በመጨረሻው ነጥብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ስለ ሻንት እኔ ልጻፍ።

ሻንት ከጭንቅላት ውስጥ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ነው። ሊዘጋ ይችላል፣ ሊመረዝም ይችላል። መዘጋቱ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ልጅ ላይ ይደርሳል፤ ኢንፌክሽኑ ደግሞ በአብዛኛው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ነው የሚመጣው። እንግዲህ የመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ክትትል ከሁሉም ይበልጣል።

ሐዋሳ ላይ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። ወባ ያለበት አገር ነው። ሻንት ያለው ልጅ ትኩሳትና ማስታወክ ይዞት ጤና ጣቢያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ወይም የሆድ ሕመም ነው። የወባ ምርመራው ይደረግ፣ ትክክል ነው። ነገር ግን ውጤቱ ነፃ ከሆነ ወዲያው ሻንቱ ይታሰብ። ወባ ቢገኝበት እንኳ እርግብግቢቱ ያበጠ፣ እንቅልፍ የሚያበዛ፣ ዓይኑ ወደ ታች የወረደ ወይም በሻንቱ መሥመር ላይ ቆዳው የቀላ ልጅ በወባ መድኃኒት ብቻ ወደ ቤት አይመለስም። አንድና ሁለት ቀን መዘግየት ዓይንና አእምሮ ያሳጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወጪ ከሻንቱም ይብሳል።

እናት ቤት የምታየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው እርግብግቢት፦ ልጁ ሳያለቅስ፣ ቀና ብሎ ተቀምጦ ነው የሚዳሰሰው። ተኝቶ ወይም እያለቀሰ ከሆነ ጤነኛም ያብጣል። ሁለተኛው የጭንቅላት ዙሪያ ልክ፦ በሳምንት አንድ ቀን፣ በዚያው ሜትር፣ ከቅንድብ በላይ ከኋላ ደግሞ በጣም ወጣ ባለው በኩል። ጤነኛ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በወር 2 ሴ.ሜ. ያህል፣ ከ3 እስከ 6 ወር በወር 1 ሴ.ሜ.፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ በወር ግማሽ ሴ.ሜ. ያህል ነው የሚጨምረው። በአንድ ሳምንት 1 ሴ.ሜ. ከጨመረ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ወጪ ላይ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ሲቲ ስካን ሲነሳ ዋጋ የሚኖረው ከድሮው ጋር ሲነጻጸር ነው። ሻንት ያለው ልጅ ደህና ሳለም የፈሳሽ ቋቶቹ ከሌላው ልጅ ሊሰፉ ይችላሉ። የድሮው ፊልም ወይም ሲዲ አዲስ አበባ ቀርቶ ከሆነ «ሰፍቷል» የሚለው ንባብ ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ልጁ ሌላ ሲቲ ይነሳል ወይም እንዲያው ተጠራጥረው 275 ኪሎ ሜትር ያህል በአምቡላንስ ይልኩታል። ስለዚህ ልጁ ደህና በሆነበት ጊዜ የተነሳው ፊልም ከእናቱ እጅ አይለይ። እርግብግቢቱ ገና ያልተዘጋ ሕፃን ከሆነ በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል፤ ርካሽ ነው፣ ጨረርም የለውም።

#4 | ማር_ማሪያም

ለሐይቅ_ማዶ፦ ሻንት ሳይገባ በኢንዶስኮፕ የሚሠራው ሕክምናስ? ኡጋንዳ እምባሌ ውስጥ ይሠራል ሲባል ሰምቻለሁ።

#5 | ሐይቅ_ማዶ

አዎ። ፈሳሹ በሌላ መንገድ እንዲወርድ ቀዳዳ ከፍቶ ፈሳሹን የሚያመነጨውን ሥጋ መተኮስ ነው። እዚያው እምባሌ 100 ሕፃናት ላይ ከሻንት ጋር አወዳድረውት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቷል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በልጆቹ የአእምሮ እድገት ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ትርፉ ሰውነት ውስጥ የሚቀር ቱቦ አለመኖሩ ነው፤ ከሆስፒታል ርቆ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለሁሉም ልጅ ግን አይሆንም፤ በዕድሜና በመነሻው ይለያል። ከቀዶ ሐኪሙ ጋር የሚወሰን ነው። ካልሠራም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው የሚታወቀው፤ የጭንቅላት ልኬቱ እዚህም አይቀርም።

#6 | የመድኃኒት_ባለሙያ

የሚጥል ሕመም ያለበት ልጅ ተመልሶ ሲመጣ «መድኃኒቱ አልሠራም» ይባላል። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ሳይሆን ሂሳቡ ነው ያረጀው። ምሳሌ፦ 6 ኪሎ የሆነ ልጅ ፌኖባርቢታል በኪሎ 5 ሚ.ግ. ተብሎ በቀን 30 ሚ.ግ. ጀመረ። ከጥቂት ወራት በኋላ 9 ኪሎ ሆነ፤ ማዘዣው ግን «ያው ይቀጥል» እየተባለ 30 ሚ.ግ. ላይ ቆሟል። አሁን የሚያገኘው በኪሎ 3.3 ሚ.ግ. ነው። ልጁ ስላደገ መጠኑ አነሰ ማለት ነው። ስለዚህ በየማዘዣው ላይ የዕለቱ ኪሎ ይጻፍ። ኪሎ የሌለበት የሕፃን ማዘዣ ሲመጣ ወደ ሐኪሙ መመለስ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ወረፋ ቢረዝምም። ወላጆች ግን ይህን ሂሳብ ይዛችሁ ራሳችሁ አትጨምሩ፤ ኪሎው እንዲታይ ነው የምትጠይቁት።

ሁለተኛው ማቋረጥ ነው። ፌኖባርቢታል ድንገት ሲቋረጥ የማያቆም መጣል ያመጣል። የሚቋረጠው ደግሞ በቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱ ከመንግሥት ፋርማሲ ይጠፋል፣ ውጭ ሲፈለግ ቀን ያልፋል። መፍትሔው ሊያልቅ 10 ቀን ሲቀረው መፈለግ መጀመር ነው። በጠርሙሱ ላይ «በዚህ ቀን ፈልጊ» ተብሎ ይጻፍላት።

ሦስተኛው አደቃቀቅ። በዝግታ እንዲለቅ የተሠራ ቫልፕሮይክ አሲድ አይፈጭም፤ ከተፈጨ የሙሉ ቀኑ መጠን በአንዴ ይለቀቃል። ፌኒቶይን በቱቦ ሲሰጥ ከወተት ጋር ከተገናኘ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም፤ በፊትም በኋላም ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ምግቡ ይቁም። ሽሮፕ ከሆነ ደግሞ ጠርሙሱ በየጊዜው በደንብ ይናጥ፤ ካልተናጠ ላይኛው ቀጭን ታችኛው ወፍራም ይሆንና ልጁ መጀመሪያ ይጥለዋል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያፈዘዋል። መለኪያው ሲሪንጅ ነው፤ የሻይ ማንኪያ ከቤት ቤት ይለያያል።

5 ደቂቃ ያለፈው መንቀጥቀጥ ድንገተኛ ነው። በጎኑ ይተኛ፤ አፉ ውስጥ ምንም አይገባ፤ ክብሪት መለኮስም ሰዓት ማጥፋት ነው።

#7 | መድን_አስተባባሪ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ሆነው ሳለ ከኪሳቸው የሚከፍሉ ቤተሰቦች ስላሉ ሥነ ሥርዓቱን ልንገራችሁ።

መድኑ መነሻው ጤና ጣቢያ ነው። ከጤና ጣቢያ ወደ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ሪፈራል። ይህን ሳይከተል በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል የወጪውን ግማሽ ራሱ ይሸፍናል። ድንገተኛ ሲሆን ሌላ ነው፤ ግን በድንገተኛ ክፍል በኩል መግባቱ ካርዱ ላይ መጻፉን አረጋግጡ። ክትትል ላይ ላለ ልጅ የሪፈር ወረቀቱ መቼ እንደሚያልፍበት ቀድሞ ይጠየቅ፤ ቀጠሮ ቀን ጠዋት «ሪፈርህ አልፏል» ከተባለ ልጁ ቀጠሮውን ያጣል፤ ቀጠሮ ያጣ ልጅ ደግሞ በሌሊት ድንገተኛ ሆኖ ነው የሚመጣው።

አዲስ የተወለደ ልጅ በቤተሰቡ የመድን ደብተር ላይ ወዲያው ይመዝገብ። ከችግር ጋር የተወለደ ሕፃን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ሆስፒታል ስለሚሆን ማንም ወደ ቀበሌ የሚሄድ አይኖርም፤ ወጪው የሚበዛው ግን ያኔ ነው። አባት ወይም አያት ለዚህ አንድ ቀን ይስጡ። የዓመቱ እድሳትም እንዲሁ፤ ጊዜው ካለፈ አገልግሎቱ ይቆማል።

መድኃኒት ከሆስፒታሉ ከጠፋ ማዘዣው ላይ «የለም» የሚል ማህተም ይመታ፤ ውጭ ሲገዛም ሕጋዊ ደረሰኝ ይያዝ። ማህተሙና ደረሰኙ ሳይኖሩ ገንዘብ አስመልሱልን ቢባል የሚያዳምጥ የለም። የሚመለሰው እንዴትና ምን ያህል እንደሆነ በየወረዳችሁ መድን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ትራንስፖርትና የአስታማሚ ምግብ አይሸፈንም። የመክፈል አቅም ጨርሶ የሌለው ቤተሰብ ከሆነ መዋጮው በመንግሥት እንዲሸፈንለት በቀበሌ በኩል መጠየቅ ይችላል፤ ይህም ልጁ ሳይታመም በፊት የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

#8 | ቱላ_በር

ሁሉንም በደንብ አነበብኩት፤ ጠቃሚ ነው። ግን አንድ ነገር ይከብደኛል። «ቶሎ ይውጣ፣ ቤት ይታከም» ስትሉ የነርሷን ሥራ ለእናት እየሰጣችኋት ነው። ቱቦ ትፈትሽ፣ ጭንቅላት ትለካ፣ መድኃኒት ትፍጭ፣ ደረሰኝ ትያዝ። ሌሎች ሦስት ልጆች አሏት፣ ገበያም ትወጣለች። የሆስፒታሉ ወጪ ቀነሰ ተብሎ ሪፖርት ሲደረግ የእሷ ድካም የት ላይ ይጻፋል?

#9 | ታቦር_ሥር

ቱላ_በር፣ ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው የያዝከኝ። ለዚህ ነው ከሦስት ኪስ ያልኩት። የቤተሰቡ ወጪ ካልተጻፈ አይታይም፤ ስለዚህ ይጻፍ። ለአንድ መግቢያ የሚቆጠረው ይህ ነው፦ የሁለት ሰው መሄጃና መመለሻ፣ ከመናኸሪያ ሆስፒታል ድረስ ባጃጅ፣ የአስታማሚው ምግብ በቀን ተባዝቶ በተኙበት ቀን፣ ከውጭ የተገዛ መድኃኒትና ምርመራ፣ የቀረ የቀን ገቢ፣ ቤት የቀሩትን ልጆች የሚጠብቅ ሰው ካለ የእሱ። ከዲላ ወይም ከበንሳ የመጣ ቤተሰብ ላይ የአልጋ ክፍያው ከዝርዝሩ ሁሉ ትንሹ ሊሆን ይችላል። ለሁለት ቀን ምርመራ ተብሎ ስድስት ቀን ሲጠበቅ አራቱን ቀን የሚከፍለው ቤተሰቡ ነው።

ደግሞም ቶሎ ይውጣ አላልኩም። የሚወጣበት መለኪያ ይኑረው ነው የምለው፦ እናት ሥራውን ራሷ አድርጋ አሳይታለች፣ የአንድ ወር መድኃኒት እጇ ላይ ነው፣ የሚደወልበት ስልክ አላት፣ ቀጠሮው ተጽፏል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ አንድ ቀን መጨመር ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ከመግባት ይረክሳል፤ ለሆስፒታሉም ለእሷም። የድካሟ ጉዳይ ግን በዚህ አይመለስም፤ ከቤተሰቡ ሁለተኛ ሰው እንዲሠለጥን ማድረግ የግድ ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚችለው እንክብካቤ ያ ሰው በታመመ ቀን ይቆማል።

#10 | ፊዚዮ_ሐዋሳ

ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን ልጅ በሳንባ ምች የሚመልሰው ብርድ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ትን ማለት ነው። ምግቡ ወደ ሳንባ ይገባል። እንዲያውም አንዳንዱ ልጅ ሳያስለው ነው የሚገባው፤ ምልክቱ ከምግብ በኋላ ድምፁ እርጥብ መሆኑና ደረቱ መንኮርኮሩ ነው።

አቀማመጡ፦ ወገቡ የታጠፈ፣ ጀርባው የተደገፈ፣ ጭንቅላቱ በመሐል፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረት ያጋደለ። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ለጥጦ አፉ ውስጥ ማፍሰስ የአየር መንገዱን መክፈት ነው። ማንኪያው ከፊት ለፊት በአፉ ቁመት ይምጣ፤ ከላይ ከመጣ ልጁ ቀና ይላል። ግማሽ ማንኪያ፣ ዋጠ፣ ታየ፣ ከዚያ ሌላ።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ቀጭን ፈሳሽ ነው። እዚህ አካባቢ ቡላ ስላለን ዕድለኞች ነን፤ ሳይጓጉል ለስላሳና ወጥ ሆኖ ይወፍራል፣ ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ ድረስ። ነገር ግን ቡላ ብቻውን ጉልበት እንጂ ገንቢ ምግብ አይሆንም፤ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው። በውኃ ፈንታ በወተት ይሠራ፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል ተፈጭቶ ይግባበት፣ ቅቤ ይጨመርበት። ሆድ ሞልቶ ልጅ የሚከሳው ቡላው በውኃ ሲሠራ ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴ.ሜ. በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነውና ወደ ሕክምናው ይሂድ፤ «ፓልሲ ስለሆነ ነው የከሳው» ተብሎ አይታለፍ።

ሲስተር ስለ ቱቦ ወፍራም ምግብ አይግባ ያለችውና እኔ ያልኩት አይጋጭም፤ ይህ በአፉ ለሚበላ ልጅ ነው።

#11 | ማር_ማሪያም

አከርካሪው ክፍት ሆኖ ስለተወለደ ልጅ ማንም አልጻፈም። ቀዶ ሕክምናው ጀርባውን ይዘጋዋል፤ በኋላ ዕድሜውን የሚወስነው ግን ኩላሊቱ ነው። ፊኛው በራሱ አያራግፍም፤ ሞልቶ ወደ ኩላሊት ይመለሳል። በየ3 እና 4 ሰዓቱ በንጹሕ ካቴተር ሽንቱ ይወጣል፤ ለሕፃን 6 ወይም 8 ፍሬንች (የካቴተር ውፍረት መለኪያ)። እጅ በሳሙና፣ ካቴተሩም በሳሙና ታጥቦ ደርቆ በንጹሕ ዕቃ ይቀመጥ። እነዚህ ልጆች ለላቴክስ አለርጂ የተጋለጡ ስለሆኑ ከላቴክስ ነፃ የሆነ ካቴተርና ጓንት ይመረጥ። ካቴተር በሚጠቀም ልጅ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ሁልጊዜ ሊገኝ ይችላል፤ ትኩሳት ወይም ሌላ ምልክት ከሌለ በላብ ውጤት ብቻ አንቲባዮቲክ አይሰጥም። ገንዘብ ማባከን ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያውን በኋላ ከሚያስፈልገው መድኃኒት ጋር ያለማምደዋል። የሆድ ድርቀትም ፊኛውን ስለሚጫን ሆዱ ይታይ።

እናቱ ሌላ ልጅ የምታስብ ከሆነ ፎሊክ አሲድ ከማርገዟ ቢያንስ አንድ ወር ቀድማ ትጀምር። ለማንኛዋም ሴት በቀን 400 ማይክሮ ግራም ነው፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ለወለደች ግን 4 ሚ.ግ.፣ አሥር እጥፍ ነው፣ በሐኪም ትእዛዝ። ካረገዘች ሁለት ወር በኋላ መጀመር ለዚህ ችግር አይደርስም፤ አከርካሪው የሚዘጋው በመጀመሪያው ወር ነው። ይህን የሚነግራት ሰው ያለው ልጇ በተኛበት ዋርድ ነው።

#12 | ሲስተር_አቶቴ

ኦክስጅንም ይጨመር። 6,800 ሊትር የሚይዝ ትልቅ ሲሊንደር በደቂቃ 1 ሊትር ከተለቀቀ 113 ሰዓት ይቆያል፤ 2 ሊትር ላይ ከተረሳ 56 ሰዓት። ስለዚህ የተረጋጋ ልጅ በቀን አንድ ጊዜ ተነቅሎ ይሞከር፤ በደሙ ያለው ኦክስጅን 90% እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳይመለስለት በግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ በየ3 ሰዓቱ ይታይ። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ በኦክስጅን ምክንያት ብቻ የሚተኛ ልጅ አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። በልብ ችግር ምክንያት ከንፈሩ የሚጠቁር ልጅ ደህና በሆነበት ቀንም 80% ሊሆን ይችላል። ይህን የማያውቅ ተረኛ 80% ሲያይ ደንግጦ ያስተኛዋል፤ 90 ይድረስ ተብሎ ሲጠበቅም አይወጣም። የእያንዳንዱ ልጅ የደህና ቀን ቁጥር በሐኪሙ መጻፍ አለበት።

#13 | ታቦር_ሥር

ሲስተር ያነሳሽው የሁሉንም ጽሑፍ አንድ ላይ ይይዝልኛል። ሐይቅ_ማዶ ስለ ድሮው ፊልም ያለው፣ የመድኃኒት ባለሙያው ስለ ኪሎው ያለው፣ አንቺ ስለ 80% ያልሽው፣ ሁሉም የልጁ ደህና ቀን ምን ይመስል እንደነበር ባለመታወቁ የሚወጣ ወጪ ነው። ሂውስተን ላይ ያንን በስልክ የሚያውቅ ሰው ነበር። እዚህ ሌሊት የሚያነሳ ሰው እስኪመደብ ድረስ ቢያንስ ወረቀት ሊያውቀው ይችላል። አንድ ገጽ፣ ከዚያ አይበልጥ፤ ተረኛ ሐኪም ሁለት ገጽ አያነብም።

ከላይ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የመድን ቁጥር፣ የእናት ስልክና የሁለተኛ ሰው ስልክ። ቀጥሎ የሕመሙ ስም በአንድ መሥመር፣ የተሠራ ቀዶ ሕክምናና ቀኑ። ከዚያ በትልቁ «ደህና ሲሆን»፦ ኪሎ፣ የጭንቅላት ዙሪያ፣ የኦክስጅን መጠን፣ በቀን ስንቴ እንደሚጥለው፣ ምን ማድረግ እንደሚችል፤ ይስቃል፣ ዓይኑ ይከተላል፣ ይቀመጣል። ከዚያ መድኃኒቶቹ በሚ.ግ. እንጂ «ግማሽ ክኒን» በሚል አይደለም፤ ክኒኑ 30 ይሁን 100 ሚ.ግ. ሌላ ሆስፒታል አያውቅም። የቱቦው መጠንና አፍንጫ ላይ ያለው ቁጥር። በመጨረሻ «ይህ ከታየ ይህ ይጠርጠር» የሚል ሦስት መሥመር፦ ለሻንት ልጅ «ትውከትና እንቅልፍ ማብዛት፣ ሻንት»። ክትባቱም ይግባ፤ ሆስፒታል የሚያዘወትር ልጅ ክትባት ያመልጠዋል፣ የሳንባ ምች ክትባቱ ደግሞ ከማንም ይልቅ ለእሱ ያስፈልጋል።

#14 | ካርድ_ክፍል

ሦስት ቅጂ ይሁን። አንዱ ካርዱ ውስጥ ከፊት ተሰፍቶ፣ አንዱ እናት ዘንድ በፕላስቲክ፣ አንዱ ልጁ በሚከታተልበት ጤና ጣቢያ። በስልክም ፎቶ ይነሳ። ማን ያድሰዋል የሚለው ካልተወሰነ ግን ወረቀቱ በሁለተኛው ወር ውሸት ይሆናል። ሐሳቤ፦ በየቀጠሮው ኪሎ የምትመዝነው ነርስ አሮጌውን ኪሎ በአንድ መሥመር ሠርዛ አዲሱን ከነቀኑ ትጻፍ። የመድኃኒቱን መጠን ግን ሐኪሙ ብቻ ይለውጥ፤ ይፈርምበትም።

#15 | የመድኃኒት_ባለሙያ

ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጻፍም ይወሰን። ቀጠሮው በኢትዮጵያ፣ የላብና የሲቲው ማሽን በፈረንጅ ነው የሚያትመው። «3/5» ተብሎ ሲጻፍ አንዱ ጥር 3 ይለዋል፣ አንዱ ሜይ 3፣ አንዱ ማርች 5።

#16 | ታቦር_ሥር

እቀበላለሁ። ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስም ይጻፍ፦ «ጥር 3 ቀን»፣ ከነዓመተ ምሕረቱ። የማሽን ወረቀት ላይ ያለው የፈረንጁ ቀን እንዳለ ሆኖ ከጎኑ የእኛው በእጅ ይታከል። ማር_ማሪያም፣ የካቴተሩን መሥመር በራስሽ አጻጻፍ ላኪልኝ፤ ሲስተር ደግሞ የሲዳምኛውን የሚያነብልን ሰው ካለሽ ንገሪኝ፣ የእናት ቅጂው ጀርባ በሁለቱም ቋንቋ እንዲሆን።